ከፎቶው ጀርባ የተጻፈ ስም

ሰሞኑን "ቲቸር፣ የድሮዎቹ ፎቶዎች የት ገቡ?" የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። ገጼ የተሰረቀ መስሏችሁ የደወላችሁልኝም አላችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አልተሰረቀም። ያወረድኳቸው እኔው ነኝ። ምክንያቱን በሁለት መስመር ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩና እንደ ልማዴ ነገሩ ታሪክ ሆነብኝ። ይረዝማል፤ ክፍል ውስጥ የምታውቁኝ ጠባዬን ታውቁታላችሁ።

መነሻው አንድ ፎቶ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ የከተማ ጉብኝት ወጣሁ። በየዓመቱ የማደርገው ነው፤ ከጊዮርጊስ እንነሳለን፣ ፒያሳን እናቋርጣለን፣ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርደን ዳገቱን ወደ አራት ኪሎ እንወጣለን። ድልድዩ ላይ ሁልጊዜ አቆማቸውና "እኚህ ሰውዬ ለአገራችን ምን አመጡ?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ አድዋ ይላል፣ አንዷ ሐረር ትላለች፣ ሌላው "የጃንሆይ አባት ናቸው" ይላል። ልክ ነው፤ ግን እኔ የምፈልገው መልስ አይደለም። ያኔ ከኪሴ ሞባይሌን አወጣና "ይችን!" እላለሁ። ይስቃሉ።

ቀልድ አይደለም። ራስ መኮንን፣ የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ መልእክተኛ ሆነው ኢጣሊያ ሄደው ሲመለሱ ነው ስልክ የሚባለውን ነገር ይዘው የመጡት ይባላል። ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ አስገጠሙት። ድምፅ ያለ አካል ሲናገር የሰሙ ካህናት "የሰይጣን ሥራ ነው" ብለው እንደተቃወሙ ሲተረክ ኖሯል። ከዚያ በ1880ዎቹ መጨረሻ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር መዘርጋት ተጀመረ፤ የሐረር ገዢ ደግሞ ራሳቸው ራስ መኮንን ነበሩ። እኛ ተማሪ ሳለን በካህናቱ እንስቅባቸው ነበር። አሁን አልስቅም። የሰው ድምፅ ከሰውየው ተለይቶ ሲሄድ ማን እጅ ይገባ ይሆን ብሎ መፍራት ያን ያህል ሞኝነት ሆኖ አይታየኝም።

ወደ ፎቶው ልመለስ። የዚያን ዓመት ልጆች ድልድዩ ላይ ተደርድረው በትንሿ ዲጂታል ካሜራዬ አነሳኋቸው። ሠላሳ አራት ናቸው። ፎቶው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ቆየና በ2004 ዓ.ም. እዚሁ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ዝም ብዬ አልለጠፍኩትም፤ የታሪክ አስተማሪ አይደለሁ! ከግራ ወደ ቀኝ፣ የእያንዳንዱን ስም ከነአባቱ ጻፍኩ፤ ያገኘኋቸውን በሙሉ ታግ አደረግኩ። "ማን የት ደረሰ?" ብዬም ጨመርኩበት። መልሱ ጎረፈ። እሷ እገሌ መሥሪያ ቤት ገብታለች፣ እሱ አግብቶ እዚህ ሰፈር ይኖራል፣ እንትና ውጭ ወጥቷል። ከ200 በላይ ኮሜንት። እንደዚያን ቀን በሙያዬ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ በአንድ ምሽት ስልኬ ጠራ። ከነዚያ ልጆች አንዷ ናት።

"ቲቸር፣ ያቺን የድልድይ ፎቶ ያውርዱልኝ።"

"ለምን? ምን ሆንሽ?"

ዝም አለች። ቆይታ፣ "ዝም ብለው ያውርዱልኝ፤ በእናትዎ" አለችኝ።

እሺ አልኩ። ግን አላወረድኩም። ሦስት ቀን አቆየሁት። እውነቱን ልናገር አይደል? ኮሜንቶቹ አሳዘኑኝ። ልጅቷ ነገር እያጋነነች ነው ብዬም አሰብኩ። ሠላሳ ሦስቱ ምንም ሳይሉ አንዷ ስላለች የሁሉም ትዝታ ይጥፋ? እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ።

ጊዜውን አስታውሱ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ይፈተሻል፣ መታወቂያ ይታያል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ መስሎ መታየቱ እንደሚያሳስበው በይፋ ተናግሮ ነበር። የአባት ስም ብቻውን ብዙ የሚያናግርበት ወራት ነበር። እኔ ደግሞ የሠላሳ አራት ሰው የአባት ስም ከነፊቱ፣ ከሥሩ ደግሞ የሥራ ቦታውንና ሰፈሩን ደርድሬ ለዓለም ክፍት አድርጌ አስቀምጫለሁ። ለማንም ክፉ አስቤ አይደለም፤ ናፍቄያቸው ነው።

የሚገርመው፣ በዚያችው በጥቅምት 23 ቀን ፌስቡክ ፊት የመለየት ሥራውን እንደሚያቆምና ከ1 ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን የፊት መለያ እንደሚያጠፋ አስታወቀ። እኛ ፎቶ ላይ ስም ስንለጥፍ ማሽኑ ፊቱን ሲማርበት ኖሯል ማለት ነው። እኔ ተማሪዎቼን ከግራ ወደ ቀኝ ስደረድር፣ ሳላውቀው ሌላ ክፍል ውስጥ ሌላ ተማሪ እያስተማርኩ ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት እናቴ ትዝ አለችኝ።

ያደግኩት ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። የጭቃ ቤት፣ አንድ ግድግዳ ለሁለት ቤተሰብ። ጎረቤት ሲያስል "ይማርህ" የምንለው ከአልጋችን ሳንወርድ ነው። እንግዲህ እዚያ ቤት ውስጥ የግል ሕይወት ነበረ ብል ማን ያምነኛል? ነበረ ግን። የእትዬን ባልና ሚስት ጠብ ግቢው በሙሉ ሌሊት ሰምቶ ጠዋት ቡና ላይ ማንም አያነሳም። "ቤት ይፍጀው" ይባላል። ገመና የሚባለው ነገር ያ ነው። ሚስጥሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ሁሉም ይሸፍነዋል። የሚጠብቅህ ግድግዳው ሳይሆን ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ነው። ያ ሰው ጆሮ ጠቢ ከሆነ ደግሞ ግንቡም አያድንህም።

መጋቢት 1969 ዓ.ም. ላይ ልጅ ነኝ፤ ስምንት ዓመቴ ነው። ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት የፈተሸበት አሰሳ ነው። የሚፈለገው መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪና፣ ማባዣ፣ ወረቀትም ነበር። እናቴ በሩን ዘግታ ከሳጥኑ ሥር አንድ ፎቶ አወጣች። የታናሽ ወንድሟ ነው፤ አጎቴ። የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሄዶ ከጓዶቹ ጋር የተነሳው። ካኪ የለበሱ፣ ፀሐይ የመታቸው ወጣቶች፣ አሥራ ሁለት ናቸው። እንደማስታውሰው ፊታቸውን አላየችም። ገልብጣ ጀርባውን ነው ያየችው። አጎቴ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሁሉንም ስም ተራ በተራ ጽፎታል። ጓደኞቹን ይወዳቸው ስለነበር እንዳይረሳቸው ብሎ ነው።

እናቴ ፎቶውን ቀደደችው፤ ከሰሉ ላይ ጨመረችው፤ ጀበናውን ከላዩ ጣደችበት። ፈታሾቹ ሲመጡ ቡና እየፈላ ነበር።

አጎቴ በዚያው ዓመት ወጥቶ ቀረ። ዛሬ ፊቱን የማይበት አንድም ፎቶ የለኝም። እናቴን ለዓመታት ተቀይሜያት ነበር፤ "ቢያንስ የሱን ቆርጠሽ ብታስቀሪ ምናለ?" ብያት አውቃለሁ። "የሱን ብቻ ቆርጬ ባስቀር ሌሎቹ የት ሄዱ ብለው አይጠይቁም?" አለችኝ። ታሪክ ያጠናሁት፣ ያገኘሁትን ፎቶ ሁሉ የምሰበስበውና የምለጥፈው በዚያ ፎቶ ምክንያት ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ እኔው ራሴ የተማሪዎቼን ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፍኩ። ልዩነቱ የአጎቴ ፎቶ ሳጥን ሥር ነበረ፤ የኔን ግን የፈለገ ሁሉ የሚያየው ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አወረድኩት።

አሁን ጥቂት ታሪክ ፍቀዱልኝ፤ ስለ ስልክና ስለ ሚስጥር ስናወራ የምንሳሳተው አንድ ነገር አለ ብዬ ስለማምን ነው።

ሕግ አልነበረንም እንዳትሉ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 ሕግ ካልፈቀደ በቀር ማንም የኢትዮጵያ ተገዢዎችን የደብዳቤ ሚስጥር መድፈር አይችልም ይል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ነገሩን ያስቀመጠው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ በአንቀጽ 26 ነው፤ አሁን ግን ስልክንና ኤሌክትሮኒክ መገናኛን ጨምሮ። እኔን በቀጥታ የሚነካኝ ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ነው። የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ አይቻልም ይላል። እርግጥ ከሥሩ ያለው አንቀጽ ለባለሥልጣን፣ ለታወቀ ሰው፣ በአደባባይ ለሆነ ነገር የተለየ ሁኔታ ያስቀምጣል። እኔም "ድልድይ አደባባይ ነው" ብዬ ልከራከር እችል ይሆናል። ዳኛ ፊት ልረታ እችላለሁ፤ ልጅቷ ፊት ግን አልረታም።

ሕጉ ሲኖር ሥራው ሌላ መንገድ ሄደ። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ሰኔ ላይ፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ፤ የተከፈተው ሁለት ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ፣ በሚሊኒየሙ መግቢያ ነው። ያን ጊዜ እንግዲህ "ይዘጉብናል" ብለን እናማርር ነበር እንጂ "ያነቡብናል" ብለን ብዙም አልፈራንም። ፍርሃቱ ኋላ መጣ። መጋቢት 2005 ላይ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም የተቃዋሚ መሪዎችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ እንደተላከ አሳየ። አስተውሉ፤ ፎቶ ነው ወጥመዱ። ሰው የሚያውቀውን ፊት ሲያይ ይከፍታል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሃኪንግ ቲም የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ የሠራው መሣሪያ ውጭ አገር ባሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን አጋለጠ። ራስ መኮንን ስልኩን ያመጡት ከኢጣሊያ፣ ሰላዩም ከኢጣሊያ! (ይቅርታ፣ ይቺን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።)

መጋቢት 2006 ላይ የወጣው የሂዩማን ራይትስ ዎች ሪፖርት ግን ብዙ ርቀት አልሄደም። ተይዘው የተመረመሩ ሰዎች የነገሩትን ጻፈ፤ መርማሪው የደወሉላቸውን ሰዎች ዝርዝር ፊታቸው ያስቀምጣል፣ ስለ ደወሉለት ሰው ይጠይቃቸዋል፣ የተቀዳ ንግግራቸውንም ያሰማቸዋል። ከወር በኋላ፣ ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ስድስቱና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በክሱ ላይ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ የሚባል ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ይህ ማንም ሰው ከኢንተርኔት በነፃ የሚያገኘው፣ ኢሜይልህንና ስልክህን እንዴት እንደምትጠብቅ የሚያስተምር መመሪያ ነው። ቤትህን መቆለፍህ ሌባ መሆንህን ያሳያል እንደማለት። ከዓመት በላይ ታስረው ከፊሎቹ ሐምሌ 2007 ላይ ተለቀቁ፤ ሌሎቹ ጥቅምት 2008 ላይ ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ።

እንግዲህ የምንሳሳተው ነገር ያልኩት ይሄ ነው። ይህን ሁሉ ስንሰማ "እኔ ምን አለኝና? የኔን ስልክ ማን ይሰልላል?" እንላለን። እኔም ስል ኖሬያለሁ፤ የደበቅኩት ነገር የለኝም። እውነት ነው፣ የራሴ የለኝም። ስልኬ ውስጥ ያለው ግን የኔ ብቻ አይደለም። የ600 ሰው ስልክ ቁጥር አለ፣ ከፊሉ "እገሌ ባንክ"፣ "እገሊት የነ እንትና ሚስት" ተብሎ ተመዝግቧል። የወላጆች ሚስጥር አለ፤ ልጄ ታሞብኝ ነው የሚል፣ ባሌ ጥሎኝ ሄዶ ነው የሚል። አንድ የጨዋታ አፕ "ስልክ ቁጥሮችህን ልይ?" ሲለኝ "እሺ" ብዬ በአውራ ጣቴ ስነካው፣ 600 ሰው ሳይጠየቅ ነው የፈቀድኩለት። የመርማሪውም ዝርዝር ከማን ተገኘ? ከደወለው ሰው ስልክ። ከድሮም ቢሆን ዝርዝር የሚጽፈው የሚወድህ ሰው ነው፤ የሚያነበው ግን ሌላ ሰው ነው።

የድሮ ፎቶ ቤት ታስታውሳላችሁ? ፒያሳ የፎቶ አገር ነበረች፤ ከምኒልክ ዘመን ከአርመኖቹ ከነቦያጅያን ጀምሮ። ፎቶህን ከፍለህ ትወስዳለህ፣ ነጋቲቩ ግን ፎቶ ቤቱ ዘንድ ይቀራል። ጠንቃቃ ሰው "ነጋቲቩንም ስጠኝ" ይል ነበር። ዛሬ ነጋቲቩ የት እንዳለ እንኳ አናውቅም። እኔ ያንን ፎቶ ሳወርድ ሌሎች ሰባት ሰዎች አስቀድመው ወስደው በየገጻቸው ለጥፈውት አገኘሁ። አንድ በአንድ በውስጥ መስመር ለመንኳቸው። ስድስቱ አወረዱ። ሰባተኛው መልስ አልሰጠኝም።

ዋጋም ነበረው፤ አልደብቅም። ከሠላሳ አራቱ አንዱ በሕይወት የለም። እናቱ በየዓመቱ በሙት ዓመቱ እዚያ ፎቶ ሥር ሻማ ትለጥፍ ነበር። ፎቶው ሲጠፋ የሷም ቃላት አብረው ጠፉ። ደወልኩላት፤ ለደቂቃ አልመለሰችልኝም። ፎቶውን ወረቀት ላይ አሳጥሜ፣ ጀርባው ላይ ምንም ሳልጽፍ፣ ቤቷ ድረስ ወሰድኩላት። ሰፈራቸው በ2016ቱ የኮሪደር ልማት ፈርሶ ወደ ሌላ ቦታ ከመሄዳቸው በፊት ነው። በነገራችን ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጸደቀው መጋቢት 2016 ላይ፣ ፒያሳ ስትፈርስ በነበረበት በዚያው ሰሞን ነው። ያ ባለ አንድ ግድግዳ ኑሮ ሲሄድ አዋጁ መጣ።

ያቺ የደወለችልኝ ልጅ ደህና ናት። ቆይቶ ነው የነገረችኝ፤ በዚያ ሰሞን ማንም አልነካትም። ግን ሦስቱን ሌሊት አልተኛችም። እኔ ኮሜንት ሳነብ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ናቸው። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ላክሁላት። ሁለት ዐረፍተ ነገር አስወጣችብኝ። የትኞቹ እንደሆኑ አትጠይቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬን ራሴ ተቀምጬ አጸዳሁት። ከናንተ መካከል ከኔ የተሻለ የምታውቁ ብዙ ናችሁ፤ ለእኩዮቼ ግን ልንገር። ቴሌግራም የምናወራው ተራ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም፤ ግሩፕማ ጨርሶ። የሚቆለፈው "ሲክሬት ቻት" የሚባለው ብቻ ነው። ዋትስአፕ ግን ሁሉንም ይቆልፋል። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ መወሰን ይቻላል፤ እኔ "ማንም" አልኩት። ሁለተኛ የይለፍ ቃልም አስገባሁ፤ አለዚያ በአጭር መልእክት የሚመጣችውን ኮድ ያገኘ ሰው እኔን ሆኖ ይገባል። "የተገናኙ መሣሪያዎች" የሚለውን ስከፍት ከስንት ዓመት በፊት በአንድ ኢንተርኔት ቤት ከፍቼ የረሳሁት ኮምፒውተር አሁንም ገብቶ ተቀምጧል! ወዲያው አስወጣሁት። ካሜራዬ ደግሞ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የተነሳበትን ቦታ ይጽፍ ኖሯል፤ አጠፋሁት። አፕ የሚጭንልኝ የእህቴ ልጅ ነበር፤ የይለፍ ቃሌንም የሚያውቀው እሱ ነበር። ድሮ ፖስታ ቤት በር ላይ ማንበብ ለማይችል ሰው ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ የስንቱን ገመና ይዘው እንደኖሩ አስቡት። ዛሬ ጸሐፊዎቻችን የእህት ልጆች ናቸው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አምነዋለሁ። የይለፍ ቃሌን ግን ቀየርኩት፤ ትንሽ ተቀየመኝ።

ከድልድዩ ፎቶ ሌላ ከ1991 እስከ 2008 ዓ.ም. ያነሳኋቸው አሥራ ሰባት የክፍል ፎቶዎች ነበሩ፤ ሁሉንም አውርጃለሁ። ኮፒው እኔ ዘንድ በወረቀት አለ፤ ፖስታ ውስጥ፣ ጀርባው ባዶ። የራስህን የምትፈልግ፣ የራስሽን የምትፈልጊ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሰጣችኋለሁ። ከናንተ ጋር የቆመውን ሰው ግን አስቀድማችሁ ጠይቁልኝ። እዚህ ኮሜንት ላይ የማንንም ስም እንዳትጠሩ አደራ፤ ያቺ ልጅ ማን እንደሆነች ለመገመት የሚሞክር ካለም አጠፋዋለሁ፣ ቅር እንዳይላችሁ። ያ ሰባተኛው ሰውዬ፣ ይህን ካነበብክ፣ አሁንም እየጠበቅኩህ ነው።